ከፊኛው የተረፈው ድንጋይ

ባለፈው እሑድ ለታናሹ ልጄ ልደት ፊኛ እየነፋሁ ነበር። የአዲስ ፊኛ ሽታ ታውቁት እንደሆነ እንጃ፤ የጎማም ይመስላል፣ የዱቄትም ይመስላል፣ ከንፈር ላይ የሚቀር ነጭ ነገር አለው። ሁለተኛውን አፌ ላይ እንዳደረግኩት ሳቅ ያዘኝና ፊኛው ከእጄ አምልጦ ቤቱን እየጮኸ ዞረው። ልጆቼ ደንግጠው አዩኝ። እናታቸው ብዙ አትስቅም፤ ብዙም አታወራም። ትልቋ ልጄ "እማ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ወንዛዬ ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። እሷ ወንዛዬን የምታውቀው ወገብና ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች የሚታጠቡበት ፍል ውሃ መሆኑን ነው፤ ከፊኛ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባትም። ልነግራት ጀምሬ እንደ ልማዴ መሐል ላይ ቃል ጠፋኝ። በጽሑፍ ይሻለኛል።

ትዝታ የሽማግሌ ነው ቢባልም እኔ ገና ሽበት አላወጣሁም። ግን ወረታ ቶሎ ቶሎ ስለምትለወጥ ወደ ኋላ ለማየት ማርጀት አያስፈልግም። አሁን ፎቅ የተሠራበት፣ ከሥሩ የሞባይል ሱቅ ያለበት ጥግ ያን ጊዜ የእኛ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ነበር። ከጀርባው የሩዙ ገለባ ተከምሮ ኮረብታ ይሠራል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያምራል፣ ነፋስ ሲነሣ ግን ዓይን አያስገልጥም። እኔና ጥሩወርቅ እዚያ ለቃሚዎች ነበርን። ማሽኑ ፈልፍሎ ያወጣውን ሩዝ ሰፌድ ላይ እየዘረጋን ጠጠሩንና ሳይፈለፈል የቀረውን እንለቅማለን። አቧራውን ፈርተን ሻሻችንን እስከ ዓይናችን እንጠመጥማለን። የጥሩወርቅ ሻሽ አረንጓዴ ነበር፣ ዳር ዳሩን ብር የመሰለ ክር የተጠለፈበት፤ በቅዳሜ ገበያ ስትገዛው አብሬያት ነበርኩ። ዛሬ በዚያ ዋጋ ሻይ በዳቦ አይጠጣም።

ማሽኑ ሲቆም ዘፈን እንሰማለን። ዘፈን ያን ጊዜ ይጫን ነበር። ሚሞሪ ካርድ ይዘሽ ኮምፒውተር ያለው ሱቅ ትሄጃለሽ፣ ልጁ "የሠርግ ነው የትዝታ?" ይልሻል፣ ሞልቶ ይሰጥሻል። እኛ ለቃሚዎቹ የሠርግ ብቻ ነበር የምናስጭነው፤ አንዳችንም ሳናገባ የሙሽራ ዘፈን በሙሉ በቃላችን ነበር። ሌሎቹ እየለቀሙ ይዘፍናሉ፣ ያወራሉ፣ ይተራረባሉ። እኔ ከሰፌዴ ቀና አልልም። "እናኑ፣ ዛሬም አፍሽን እቤት ረስተሽው መጣሽ?" ይሉኛል። ጥሩወርቅ ናት የምትመልስልኝ፤ "ተዋት፣ እሷ የምታወራው ከእኔ ጋር ነው፤ ለእናንተ አይተርፍም" ትላቸዋለች። እውነቷን ነበር። ትምህርት ቤትም አብረን ገብተን አብረን ነው ያቆምነው፤ የመምህሩን ጥያቄ እንኳ ለእሷ ጆሮ ነበር የምመልሰው፤ እሷ ናት እጇን የምታወጣው።

አንድ ቀን ስለ ጋብቻ ሲወራ አንዷ "አንቺ ለማን እሺ ትያለሽ?" አለቻት። ጥሩወርቅ ሰፌዱን እያንገዋለለች "እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? የሚጠየቀው አባዬ ነው" አለች። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ለእኔ ግን ያ ነገር ውስጤ ቀረ፤ ምክንያቱም ያን ሰሞን ለአባቷ ለአያ ሞላ ከደራ በኩል ሽማግሌ ሊላክ ነው የሚባል ወሬ ነበር፣ እሷ ዓይኑን እንኳ ላላየችው ሰው። የምትወደውን ደግሞ አውቀው ነበር። ደሴ ይባላል፤ ባጃጅ ይነዳል። ሩዝ ጭኖ ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድ ከሁሉም መንገድ የረዘመ ነበር፤ ባዶውን ሲሆን እንኳ ያልፋል፣ ሲያልፍም ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋል። ጡሩምባው ሲሰማ የጥሩወርቅ ሰፌድ ይቆማል። ከዚያ በላይ ደፍረው አያውቁም፤ አልፎ አልፎ በስልክ ይጻጻፋሉ፣ እሱንም ፊደሉን ስቶ ስለሚጽፍ ለእኔ እያሳየች ነው የምታነበው።

የተናገረችውን ለደሴ ነገርኩት። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፤ ባጃጁ ውስጥ ብቻዬን ተሳፍሬ ነበር፣ ጀርባውን እያየሁ ማውራት ቀለለኝ። ባጃጁን ዳር አቆመና "እንዲህ አለች?" አለኝ። "እንዲህ አለች።" "እንግዲያው መጀመሪያ እሷን ነው የምጠይቃት። እሺ ካለች በማግሥቱ ሽማግሌ እልካለሁ። እምቢ ካለችም..." በዚያው ወደ ሰይድ ሱቅ ወሰደኝ።

ሰይድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ በአባቱ ሱቅ ይቀመጣል፣ ከደሴ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። ከጓደኞቻችን መሐል በጣት የሚነካ ስልክ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ያችን ስልክ አውጥቶ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የተቀረጸ ነገር አሳየን። አንድ ጎረምሳ ቀይ ፊኛ በፊኛ ሆኖ ልጅቱ ፊት ይንበረከካል፣ ቀለበት ያወጣል፣ እሷ አፏን ይዛ ታለቅሳለች፣ ሰው ያጨበጭባል። ዛሬ ወረታ ላይ ይህን የሚያዘጋጅልህ ባለሙያ አለ፤ ምንጣፉም፣ መብራቱም፣ ቪዲዮ አንሺውም ከነዋጋው ነው። ያን ጊዜ ግን ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር ነበር። ደግመን ደጋግመን አየነው። "ወላሂ፣ ይህን ካላደረግን ሰው አይደለንም" አለ ሰይድ። ደሴም "እናኑ፣ አንቺ ብትሆኚ እሺ ትያለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። እንዴት እንደሞቀኝ! ሻሼን አፌ ላይ ሳብ አድርጌ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ምስጢር መያዝ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ እንዲህ የሚያስደስት ምስጢር ግን ይዤ አላውቅም። ጥሩወርቅ ጎኔ ተቀምጣ ስትለቅም ሳቄ ያመልጠኛል። "ምን ያስቅሻል?" ትለኛለች። "ጠጠር ነው" እላታለሁ።

የትና መቼ የሚለውን የፈታሁት እኔ ነኝ። አያ ሞላ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እህል ከገባ በኋላ ወንዛዬ ሄደው ይሰነብታሉ። ሩዝ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የሚያርም ሰው ጉልበቱ መች ደህና ሆኖ! ጥሩወርቅ ድርቆሽና በሶ ትወስድላቸዋለች፤ ከወረታ ያለ ጥያቄ የምትወጣበት ቀን እሱ ብቻ ነው። ወንዶች ከምሳ በኋላ ውሃው ውስጥ ይገባሉ፣ ቶሎም አይወጡም። በዚያ መሐል ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር ማን ያየናል? ሰይድ ሲሰማ "ይችን ልጅ ዝም ብላ ስታዩ ዝም ያለች መሰላችሁ" አለ። እንዲያ ተመስግኜ አላውቅም ነበር።

ልምምዱን ከገለባው ኮረብታ ጀርባ አደረግነው። እኔ ጥሩወርቅን ሆኜ ቆምኩ። ያን ጊዜ የወንዶች ሱሪ ጥብቅ ያለ ጂንስ ነበር፤ ደሴ ለዚህ ቀን ብሎ የገዛው ደግሞ ከሁሉም የጠበበ። በአንድ ጉልበቱ ሊንበረከክ ሲል ሱሪው አልታጠፍ ብሎት ገለባው ላይ ተዘረረ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ወደቀ። ሰይድ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ "ሱሪው ተቀዶ እሺ ከምትልህ ሁለቱንም ጉልበትህን አንበርክክ፤ ማን ይቆጥርሃል!" አለው። በሁለቱ ተንበረከከ፤ ቤተ ክርስቲያን እንደሚደረገው ማለት ነው፣ እሱማ ከልጅነቱ የለመደው ነው። ፊኛውም ሌላ ጣጣ ነበር። በስልኩ ላይ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ እኛ የነፋነው ግን መሬት ለመሬት ይንከባለላል። "የእኛ ትንፋሽ ጤፍ የበላ ነው፣ ይከብዳል" አለ ሰይድ። ነፋስ እንዳይወስድብን ክሩን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ደህና ድንጋይ ላይ አሰረው። ደሴ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲይዘው ፊኛዎቹ ከጀርባው ተንጠልጥለው እንደ አበባ ታዩ። አምሮ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ቀኑ ደረሰ። እነ ደሴ በባጃጅ ቀደሙን። እኔና ጥሩወርቅ በሚኒባስ እስከ መገንጠያው ሄደን፣ ከዚያ በጥርጊያው መንገድ ስንቃችንን ተሸክመን ወረድን። አረንጓዴ ሻሿን አድርጋለች፤ "ለጠበል መንገድ ይህ ምን ያደርግልኛል?" ስትለኝ "ያምርብሻል" ብዬ ያስደረግኳት እኔ ነኝ። ሜዳው ላይ የሩዙ ቃርሚያ ቀርቶ የፎገራ ላሞች ተበትነውበታል፣ ቀኑ ጥርት ያለ ነው። ስንደርስ አያ ሞላ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ውሃው ሊወርዱ ነው። "ልጄ፣ መጣሽ? ስንቁን ጎጆው ውስጥ አስቀምጪው። አንቺም አለሽ እናኑ? ከዚህች ለፍላፊ ጋር እንዴት ትኖሪያለሽ?" ብለውኝ ሄዱ። አብረዋቸው ከአንበሳሜ የመጡ አባ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በየመንደሩ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ፣ ወንዛዬም ላይ ቢሆን ሁለት ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ መሐል የሚገቡ ናቸው።

"ወንዙ ዳር ትንሽ እንረፍ" አልኳት። እጇን ይዤ ወደ ሾላው ወሰድኳት። ሾላው ሥር የሰይድ ሱቅ የላስቲክ ጽጌረዳ ክብ ተሠርቶ ተበትኗል። ጥሩወርቅ ቆመች። "ይህ ምንድን ነው? ማን ጣለው?" ብላ ልትለቅም ጎንበስ አለች፤ ለቃሚ አይደለች! በዚህ ጊዜ ደሴ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ ከቁጥቋጦው ጀርባ ብቅ አለ። እኛ ያላየነው ቁጥቋጦው ቀጋ መሆኑን ነው። እሾሁ አንዱን ፊኛ ነካው፣ ጧ! ሌላውን፣ ጧ! ደሴ ደንግጦ ሲሸሽ ይበልጥ እሾሁ ውስጥ ገባና ሁሉም ተራ በተራ ፈነዱ። ወረታ ተመልሼ እንደገና ልጀምር አይል ነገር፣ ጥሩወርቅ ዓይኗን አፍጥጣ እያየችው ነው። እንደ ልምምዱ መጥቶ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ። አንገቱን ደፋ፤ ቀለበቱን ከዚያ ጠባብ ኪስ ሊያወጣ በአንድ እጁ ይታገላል፣ በሌላው ድንጋዩን ይዟል።

ፍንዳታውን የሰማ ሁሉ ከውሃው ወጥቶ መጣ። ጋቢውን ያገለደመ፣ እርጥብ እግሩን እያነከሰ፣ በምርኩዝ የሚደገፍ፣ ሁሉም ሾላው ሥር ደረሰ። ያዩት ምንድን ነው? ፊኛ የለም። ያዩት አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አንዲት ልጅ እግር ሥር ተንበርክኮ ነው። በእኛ አገር እንዲህ የሚያደርገው ከባድ በደል የበደለ ሰው ነው። ደም ያለበት፣ ወይም የሰው ክብር የነካ፣ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይወድቃል፤ ተበዳዩ ይቅር ካለው ድንጋዩን ከትከሻው ያወርድለታል። ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። እኛ ሦስታችንም እናውቀው ነበር፤ እንዴት አንዴም እንዳልመጣልን ዛሬም ይገርመኛል።

"በስመ አብ!" አሉ አባ ተገኘ። "የማን ደም ነው ልጄ?" አንዲት ሴት ደግሞ ጥሩወርቅን ከላይ እስከ ታች አይታ "ደም አይደለም፤ አታዩም እንዴ፣ ልጅቱን ነው የበደላት" አለች። ያ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። አያ ሞላ ሰውን ገፍተው ሲመጡ ፊታቸው እንደ አመድ ሆኖ ነበር። "ልጄን ምን አድርገሃታል?" አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። ደሴ አፉ ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃል አይወጣውም። ጥሩወርቅ፣ ያቺ ለፍላፊ፣ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋ ደግሞ ነገሩን እውነት አስመሰለው። ሰይድ ስልኩን እንደያዘ ከሾላው ጀርባ ደርቋል። አያ ሞላ ምርኩዛቸውን አነሡ። አባ ተገኘ "ሞላ! ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሊመታ ነው?" ብለው መሐል ገቡ።

ሰዉን አየሁት። ከአንበሳሜ አለ፣ ከሐሙሲት አለ፣ የእኛው የፎገራ ሰው አለ፤ ነገ ሁሉም ወደየአገሩ ይመለሳል። የጥሩወርቅ ስም እንዲህ ሆኖ ከዚያ ሾላ ሥር ከወጣ ተመልሶ የሚለቅመው የለም። እጇን የምታወጣልኝ ልጅ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። የሚናገር ካለ እኔ ነኝ።

"አልበደላትም!" አልኩ።

ድምፄን አላወቅኩትም። ወንዙን ተሻግሮ የተመለሰ መሰለኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "አያ ሞላ፣ እጇን እንኳ ነክቷት አያውቅም። ሊያገባት እየጠየቃት ነው። አሁን እንዲህ ነው የሚጠየቀው፤ ተንበርክኮ።"

"በድንጋይ?" አሉ አያ ሞላ።

"ድንጋዩ የፊኛው ነው።"

"የምኑ?"

"የፊኛው ነው፤ ነፋስ እንዳይወስደው። ፊኛው ፈነዳ፣ ድንጋዩ ቀረ።" የተቀደደ ቀይ ጎማ ቀጋው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ነቅዬ አሳየኋቸው። "ቀለበትም ይዟል። ኪሱ ጠብቦ ነው እንጂ።"

ከኋላ አንድ ሰው ፍርጥ ብሎ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። ያቺ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። አያ ሞላ ግን አልሳቁም። "ሰው የለህም?" አሉት ደሴን። "ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ቤት የለኝም? ደጅ የለኝም?" ደሴ ከተንበረከከበት "ነገ ልልክ ነበር፤ መጀመሪያ እሷን ብዬ ነው" አለ። በሕይወቱ የተናገረው ከባዱ ነገር ይህ ይመስለኛል።

አባ ተገኘ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሁለት አዛውንት ጠርተው ጎናቸው አቆሙ። "ሞላ" አሉ፣ "እኛ ለምሕረት ብለን ተነሥተናል። ከተነሣን ባዶ እጃችንን አንቀመጥም። እንዲያውስ ሽማግሌ ማለት እኛ አይደለንም? በል እንግዲህ፣ ልጅህን ለልጃችን ለ..." ጎንበስ አሉና "ማነው ስምህ?" አሉት።

"ደሴ።"

"ለልጃችን ለደሴ ብለን ቆመናል።" ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ኮስተር ብለው የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፣ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን አስቆጠሩት። ከጣራ ገዳም በታች የነበሩትን አያቱን ሲጠራ ከሁለቱ አዛውንት አንዱ "አውቃቸዋለሁ፣ ደግ ሰው ነበሩ" አሉ። ዝምድና አልተገኘም።

አያ ሞላ መሬቱን በምርኩዛቸው ይጭሩ ጀመር። ደሴ ትከሻው እየዛለ ድንጋዩን ወደ ሌላው ጎን ሊያዛውር ሲል አባ ተገኘ "ተው፣ አንተ አታወርደውም" ብለው ገሠጹት። ያኔ አያ ሞላ ቀና አሉ። "እኔን ብትጠይቁኝ እናቷን ሳላማክር፣ ቀን ሳልሰጥ አልመልስም፤ እሱ ነው ወጉ" አሉ። "ይህ ግን ድንጋይ የተሸከመው በእኔ ፊት አይደለም፤ በእሷ ፊት ነው። ጥሩዬ፣ ብትፈልጊ አውርጂለት። ባትፈልጊ ተሸክሞት ወረታ ይግባ።"

ጥሩወርቅ እጇን ከአፏ አነሣች። ወደ እኔ ዞረች። "እናኑ፣ ምን ልበል?" አለችኝ በጆሮዬ፣ እኔ ትምህርት ቤት በእሷ ጆሮ እንደምናገረው። ሁሉን ቃሌን ጨርሼ ስለነበር ዝም አልኩ። ደግሞም የሚጠየቀው ሌላ ሰው እንዳይሆን ነበር የለፋነው።

ሻሿን ወደ ኋላ ገፋች። ሁለት እርምጃ ቀርባ ጎንበስ አለችና ድንጋዩን በሁለት እጇ ከትከሻው አነሣችው። እልልታው ፈነዳ፤ ውሃው ውስጥ የቀሩት ታማሚዎች ሳይቀሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልል አሉ። ደሴ ግንባሩ መሬት ነካ፤ ቀለበቱን ያን ጊዜም አላወጣውም፣ ኋላ ሰይድ ነው ጉጠት በመሰለ ጣቱ የጎተተለት። ጥሩወርቅ ግን እያለቀሰችና እየሳቀች ድንጋዩን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፤ የት እንደምታደርገው ጠፍቷታል።

አያ ሞላ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። "አስቀምጪው እንጂ ልጄ" አሏት፤ "ጥሎሽ መሰለሽ እንዴ?"